ሸካራ እጅ የማያውቅ መስታወት

አገሩን በስሙ አልጠራውም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ ባያውቁት ምንም አይጎድልባቸውም። እኔ አልጣሽ እባላለሁ። በዚያ አገር ዋና ከተማ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ተራ በላይ፣ አንዲት ክፍል የዲጂታል ሥራ ቤት ነበረችኝ። ሰው በጣቱ እየነካ የሚጠቀምበትን መስታወት፣ ተች ስክሪን የሚሉትን፣ ከእሱም ጋር የሚሄደውን ድረ ገጽ እንሠራለን። ለምግብ ቤት ሠርተናል፣ ለመናኸሪያ ሠርተናል፣ አንዴ ለእድር እንኳ ሠርተናል። ሦስት ነበርን። እንየው ኮድ ይጽፋል፣ ማንያህልሻል ቁልፎቹንና ቀለሙን ትነድፋለች፣ እኔ ደግሞ ደንበኛ አነጋግራለሁ፣ እጨቃጨቃለሁ፣ በመጨረሻም ሁሉንም እፈትሻለሁ።

ስለ ፍተሻው አሁኑኑ ልናገር፣ ኋላ ደበቀች እንዳልባል። በእኛ ቤት እጁን በሳሙና ሳይታጠብ፣ ቅባትም ሳይቀባ መስታወት የሚነካ ሰው አልነበረም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጣት ቆሻሻ ያረፈበት መስታወት ሳይ ያቅለሸልሸኛል፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁልፍ ሦስት መቶ ጊዜ ስንነካ የነካነው በታጠበ፣ በለሰለሰ፣ ሎሚ ሎሚ በሚሸት ጣት ነው። በዚህ ደንብ እየኮራሁ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

አንድ ማለዳ ከመስሚያ አዳራሽ ተጠራሁ። መስሚያ አዳራሽ በዚያ አገር ሕዝብ ቅሬታውን የሚያሰማበት ቤት ነው። ሰሚ የሚባሉ ሠራተኞች አሉት፤ ሥራቸው ተቀምጦ መስማት ነው። አለቃቸው የጆሮ አዛዥ ይባላል። ረጋ ያለ፣ ጨዋ፣ ሲናገር ድምፁ ከአፉ ብዙ የማይርቅ ሰው ነው።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ሰሚዎቼ አልቀዋል» አለኝ። «ስድሳ ሁለቱ የጆሮ ዕረፍት ወጥተዋል። የቀሩት አራቱም የሚሠሩት በአንድ ጆሮ ነው፤ ሐኪም አዝዞላቸዋል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልርዳዎት?»

«ሕዝቡ ይንካ እንጂ አይናገር።»

ሥራውን ተቀበልን። የጆሮ አዛዡ የፈለገው ሁለት ቁልፍ ነበር፤ «አመሰግናለሁ» የሚለው የበር ያህል፣ «ቅሬታ አለኝ» የሚለው የምስር ያህል። ማንያህልሻል አንገቷን ደፍታ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቁልፍ ላይ ሲመጡባት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አምስት ሳምንት ተከራክራ ምስሩን ወደ ባቄላ፣ ባቄላውን ወደ ቆርኪ አሳደገችው። ትልቅ ድል መስሎን ሦስታችንም ምሳ ውጭ በላን።

ሹማምንቱ ሊያዩት የተሰበሰቡ ዕለት ጉድ ፈላ። መስታወቱ ተተክሎ፣ ንግግሩ ተደርጎ፣ ሁሉም ወደፊት ጠጋ ሲል አንዲት ዝንብ መጥታ በትክክል ቆርኪዋ ላይ አረፈች። መስታወቱም በዚያ በሚያምር ድምፁ «ቅሬታዎ ተመዝግቧል፤ በተራዎ ይጠራሉ» አለ።



«ዝንብ በዚህ አገር ላይ ምን ቅሬታ አላት?» ብሎ ጠየቀ የጆሮ አዛዡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ዝንብ የማያውቅ አድርጊልኝ» አለኝ። በንዴት «አንቺ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

መስታወታችን ምን ያህል ቀላል ንክኪ እንደሚቀበል የሚወስን ቁጥር አለው። አንድ ላይ ሲሆን ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል፤ አሥር ላይ ሲሆን ደህና ለስላሳና ወዛም ጣት ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። እንየው ከታች ካለው ሥጋ ቤት ዝንብ በብርጭቆ ይዞ መጣና ቁጥሩን እያሳደገ ፈተሸ። ዝንቦቹ ሦስት ላይም፣ አምስት ላይም አልፎ አልፎ እየተንፏቀቁ ያስመዘግቡ ነበር፤ ስምንት ላይ ጨርሶ ቀሩ። እኛም ታጥበን፣ ተቀብተን ነካን። ሠራ። «ስምንት ላይ ተወው» አልኩት። ያቺን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ።

መስታወቱ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ወር ከላይ ሰፈር አርባ ሁለት ቅሬታ መጣ፤ አብዛኛው ስለ ጎረቤት ውሻ ነው። ከጡብ ሰፈር አንድም አልመጣም። ጡብ ሰፈር ከወንዙ ዳር፣ ሸክላ አፈሩ ያለበት ነው። ሰባት መቶ ምናምን ቤት ሙሉ ሰው ጭቃ ያቦካል፣ ጡብ ይቀርጻል፣ በምድጃ ይጠብሳል። የከተማው ግድግዳ ሁሉ ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። በፊት ጊዜ አርባ ሰሚ በዚያ ሰፈር ቅሬታ ብቻ ጆሮው ዝሏል። አሁን ዜሮ።

የጆሮ አዛዡ ለዚህ ዜሮ ሹመት ተጨምሮለት፣ ደስታውን መቻል አቅቶት አለቀሰ። ለእኔ የወርቅ ጆሮ የተባለውን ሽልማት በአንገቴ አጠለቀልኝ። አልዋሽም፣ ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ነበር፤ ለእናቴ እንኳ ደውዬ ነገርኳት። በዚያው ሳምንት «መስታወቱ አይሳሳትም» የሚል ድንጋጌ ወጣ፣ በነሐስ ተቀርጾም የአዳራሹ በር ላይ ተሰቀለ።

በሁለተኛው ወር ነገሩ አንድ ደረጃ ከፍ አለ። የልኬት ኮሚቴ የሚባል ተቀምጦ እንዲህ ሲል ወሰነ፤ ቅሬታ የሌለው ሰው በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም፣ ከጡብ ሰፈር ቅሬታ አልመጣም፣ እንግዲያው ጡብ ሰፈር ውስጥ ሰው የለም። ሰው የሌለበት መሬት ደግሞ ባዶ ነው። ባዶው መሬት ላይ ለደከሙ ሰሚዎች የጆሮ ማሳረፊያ መናፈሻ ይሠራ ተባለ። ተቃውሞ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ በመስታወቱ ያስመዝግብ። በድረ ገጹም ይቻላል፤ ብቻ ድረ ገጹ ኮድ ይጠይቃል፣ ኮዱን የሚሰጠው መስታወቱ ነው።

ይህን ማስታወቂያ አንብቤ «ኧረ እነዚያ ሰዎች ለምን ዝም አሉ?» ብዬ አውቃለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ከዚህ በላይ አላሰብኩም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሴትዮ ደረጃችንን ወጡ። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆመው ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

«መስታወቱን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

«ዘርፌ እባላለሁ፣ ከጡብ ሰፈር። በሉ እስቲ ንገሩኝ፣ ምን በድያችሁ ነው?»

ነገሩ አልገባኝም። ውኃ ሰጥተናቸው ተቀመጡና አስረዱን። አሥራ አንድ ጊዜ አዳራሹ ሄደዋል። አሥራ አንድ ጊዜ ነክተዋል። በአውራ ጣታቸው፣ በሌባ ጣታቸው፣ በመጨረሻም በጡጫቸው። መስታወቱ ዝም። ዘበኛው ደግሞ የነሐሱን ጽሑፍ አሳይቷቸው «መስታወቱ አይሳሳትም። ስለዚህ እርስዎ አልነኩም» ብሏቸዋል።

«ቆሜ እየነካሁ አልነካሽም ይለኛል!» አሉ። «ባለቤቴ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያች ቤትና በዚያ ምድጃ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አፍርሰው ሣር ሊተክሉበት ነው። ሰው የለበትም ብለዋል። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» አልኳቸው። አፈር ልብላ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ተነስተው በእኛ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ማንያህልሻል ቅባቱን አሸችላቸው። ወደ መፈተሻው መስታወት ወሰድኳቸውና ነኩ። ምንም የለም። «ጠበቅ አድርገው» አልኳቸው። ምንም። ማንያህልሻል በጎን እጇን ሰዳ ስትነካው «ቅሬታዎ ተመዝግቧል» አለ። እሳቸው ደግመው ነኩ። ዝም።

ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ ገለበጥኩት። ጭቃና አመድ፣ እሳትም ለአርባ ዓመት ሲፈራረቅበት የኖረ እጅ ነው። ደርቋል፣ ጠንክሯል፣ የጣት መስመር የሚባል አልቀረበትም። እንየው ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ በቀስታ ተናገረ።

«አለቃ፣ የእሳቸው ጣት ሁለት ነው የሚያሳየኝ። ዝንቧ እንኳ ከሁለት በላይ ነበረች።»

የሳቀ የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ነገርኳቸው። ሳልደብቅ፣ ሳላለሳልስ፣ እንዳለ።

«እኔ ከዝንብ አንሼ ነው?»

«መስታወቱ ነው እንጂ እንዲህ የሚያየው…»

«መስታወቱን ማን አስተማረው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ተነሺ» አሉኝ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ እንጂ!»

ተነሳሁ። ያኑ ዕለት ከሰዓት የጆሮ አዛዡ ዘንድ ገባሁ። ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ነገርኩት።

«ለምንድን ነው ዝቅ የሚለው?» አለኝ።

«ተበላሽቷላ!»

መዝገቡን ገለጠ። «ተበላሽቷል የሚል ቅሬታ አልደረሰንም።»

«ቅሬታ ያላቸው ሰዎች እኮ ሊነኩት አልቻሉም!»

«ካልነኩ ቅሬታ የላቸውም ማለት ነው።»

«እኔ አለኝ። ይኸው፣ እኔ ቅሬታ አለኝ!»

«እንግዲያው ይሂዱና ይንኩ» አለኝ በትሕትና።

ወርጄ ነካሁ። መስታወቱ «ቅሬታዎ ተመዝግቧል» አለኝ። የጆሮ አዛዡ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ ቀስ ብሎ አጨበጨበ። «አዩት? ይሠራል።» መስታወቱ አይሠራም የሚለው ቅሬታዬ፣ መስታወቱ ስለመዘገበው ብቻ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሠረተ ቢስ ሆኖ ተዘጋ። በዚያ አገር አዳራሽ ውስጥ መጮኽ ክልክል ነውና ውጭ ወጥቼ ጮኽኩ።

በእነሱ ፋንታ ልንካላቸው ብዬ ጠየቅኩ። ለአንድ ሰው አንድ ጣት፣ የሌላ ጣት አይፈቀድም የሚል መመሪያ አወጡልኝ። ሰፈሩ ሌላ ዘዴ ዘየደ። ሥራ አቁመው፣ መዳፋቸውን ቅቤና ቫዝሊን ለቅልቀው፣ ፀሐይ ላይ እየተቀመጡ እጃቸውን ሊያለሰልሱ ሞከሩ። ስድስት ቀን ተቀመጡ። አርባ ዓመት የገባ ጭቃ በስድስት ቀን ይወጣል? አልወጣም። የልኬት ኮሚቴው ግን ጭስ መቆሙን ከሩቅ አይቶ፣ ሰፈሩ ባዶ ለመሆኑ ተጨማሪ ማስረጃ ብሎ ጻፈው።

እትዬ ዘርፌ ከመካከላቸው አልነበሩም። ጡባቸውን ሲቀርጹ ነው የማገኛቸው። «እርስዎስ አይሞክሩትም?» ብላቸው «ይህን እጅ ትቼ ምን ይዤ ልኖር ነው?» አሉኝና ወደ ጭቃቸው ዞሩ።

ጥጋቡ የሚባል ጭቃ ረጋጭ ነበር፤ ነገረኛና ሳቂታ ሰው። ጣቱ እምቢ ቢለው ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ነካው። «ቅሬታዎ ተመዝግቧል!» ሰልፉ በእልልታ ቀለጠ። ሁለት ሰው ተከተለው። ሦስተኛው አፍንጫ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ሮጦ ሄደ፤ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳው ላይ «አፍንጫ ጣት አይደለም» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በማግስቱ አገጭና ክርን ተጨመረበት። አንዱ በጆሮው ጫፍ ሞክሮ ሊታሰር ምንም አልቀረው፤ በጆሮ መቀለድ በዚያ ቤት ትልቅ ነውር ነው። የተመዘገቡት ሦስቱ አፍንጫዎች ተሰረዙ። መስታወቱ አይሳሳትም፣ አፍንጫዎቹ ናቸው የተሳሳቱት ተባለ።

ሁለት ቀን ቀረ።

በውላችን መሠረት በወር አንድ ጊዜ እየሄድኩ መስታወቱን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ተራዬ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ ዋለ። ጠዋት ሥራ ቤታችን ተሰብስበን ሐሳቤን ነገርኳቸው።

«አለቃ፣ አስቢበት» አለ እንየው። «እሳቸውን የሚቀበል ቁጥር ዝንቡንም ይቀበላል። መለያ የለንም። ለመለየት እንደገና መሠራት አለበት፣ ወር ይፈጃል።»

«ይቀበል። ዝንብ እንዳይገባ ብለን ነው ሰው ያስቀረነው።»

«ፈቃድሽን ይቀሙሻል» አለች ማንያህልሻል።

«ይቀሙኝ።»

ጀግና አትበሉኝ፤ ፈርቼ ነበር። ከቀትር በፊት አዳራሹ ደረስኩ። ዘበኛው እያየኝ ወለወልኩ፣ ቁጥሩንም ከስምንት ወደ አንድ አወረድኩት። ተደብቄም አይደለም። የጥገና መዝገቡ ላይ «ከስምንት ወደ አንድ አውርጄዋለሁ፣ አልጣሽ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ፈርሜያለሁ። መስታወቱ ከመጣ ወዲህ በዚያ ቤት የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ማንም አላየውም።

በመጨረሻው ቀን ሰልፉ ከአዳራሹ በር እስከ ድልድዩ ደረሰ። እትዬ ዘርፌ ከፊት ናቸው። ወሩ የዝንብ ወር ነው፣ ሰዎቹም ከነጭቃቸው ነው የመጡት፤ ዝንቡ ከሰው ጋር እየተጋፋ ይገባል። እሳቸው ቀረብ ብለው ሌባ ጣታቸውን ቆርኪዋ ላይ አሳረፉ።

«ቅሬታዎ ተመዝግቧል። ቁጥርዎ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ስድስት ነው።»

እትዬ ዘርፌ ንቅንቅ አላሉም። ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። «እስቲ ድገሚው» አሏት መስታወቷን። ከኋላ ያለው ሰው «ኧረ እትዬ፣ ፀሐይ መታን!» ሲላቸው ነው ዞር ያሉት። እኔ ዓምዱን ተደግፌ እንባዬን በመወልወያው ጨርቅ እጠርግ ነበር።

በማግስቱ የጆሮ አዛዡ ሲገባ ሠላሳ አንድ ሺህ ገደማ ተቃውሞ ጠበቀው። ሰልፉን እንደቆጠርኩት፣ ከዚያ ውስጥ ሰባት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ ቀሪው ዝንብ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ መስታወቱ አይለይም። ሁሉንም ልሰርዝ እንዳይል በሩ ላይ ያለው ነሐስ አይሳሳትም ይላል። ነሐሱን ላውርድ ቢል ደግሞ ዜሮውም ስሕተት ነበር ሊባል ነው፣ በዚያ ዜሮ ያገኘው ሹመትም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉም በየተራው ይሰማ ተባለ። ስድሳ ሁለቱ ሰሚዎች ከዕረፍት ተጠሩ። ተቃውሞ ሳይሰማ ማፍረስ ክልክል ስለሆነ መዶሻ የያዙትም ተመለሱ።

መስማቱ ተጀመረ። «ቁጥር አንድ!» ሦስት ጊዜ ተጠራ። የቀረበ የለም፤ ብቻ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ዝንብ ነበረች። ጸሐፊው አየት አደረጋትና «ቀርቧል፤ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ መዘገበ። በቀን ሃያ ተራ ይሄዳል። እኔ በጣቴ አስልቼ እየሮጥኩ ጡብ ሰፈር ወረድኩ።

«እትዬ ዘርፌ! የምሥራች! እርስዎ ጋ ሳይደርሱ ሁለት ዓመት ተኩል ያልፋል። እስከዚያ ማንም አይነካዎትም!»

ጡብ ይደረድሩ ነበር። ያነሱትን አስቀመጡ።

«ከዝንብ ጀርባ ተሸሽጌ ሁለት ዓመት ተኩል ልኑር ነው የምትዪኝ?»

«ቤቱ ግን ቆመ እኮ…»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ሰው ነኝ ልላቸው ነው የፈለግኩት። ቤቱ ያንቺ ነው እንዲሉኝ ነው የፈለግኩት። ዝንብ አዳነችኝ ብዬ ለልጆቼ ላወራ ነው?»

የሚሉት እውነት ነው። ከማግስቱ ጀምረው አዳራሹ እየሄዱ የፊተኛው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ጠዋት ጡባቸውን ቀርጸው ይመጣሉ፣ አዳራሹ ሲዘጋ ይሄዳሉ። ቢሏቸው ቢሠሯቸው አይነሱም። «ተራዎ ገና ነው» ሲሏቸው «አውቃለሁ፤ ስትጠሩኝ እንዳላመልጣችሁ ነው» ይላሉ።

እኔም አጠገባቸው መቀመጤ አልቀረም። በዚያው ሳምንት የጥገና መዝገቡን አንድ ሰው በስሕተት ገልጦ አነበበው። ያልተፈቀደ ንክኪ ወደ መንግሥት መስታወት በማስገባት በሚል ፈቃዴ ተቀማ፣ ሽልማቱም ተነጠቀ፣ ሥራ ቤቴም ታሸገ። እንየውና ማንያህልሻል ጠረጴዛዎቹን በደረጃው ሲያወርዱ ልብስ ሰፊዎቹ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ነው፣ ምን ይደረግ። ለፈቃዴ ተቃውሞ አስመዝግቤ የደረሰኝ ቁጥር ከሠላሳ ሺህ በላይ ነው።

በወሩ መጨረሻ ሰሚዎቹ አመረሩ። ዝንብ ሲጠሩ መዋል ከጆሮ አልፎ አእምሮ ይጎዳል ብለው አራቱ የመላ አካል ዕረፍት ጠየቁ። የጆሮ አዛዡም ተቃዋሚ ሁሉ ዝንብ አለመሆኑን ያስረዳ ብሎ አዘዘ። በምን ያስረዳ? ኮሚቴ ለዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። በወረቀት እንዳይሉ ዝንብም ወረቀት ላይ ይቀመጣል። በድምፅ እንዳይሉ ዝንብም ድምፅ አላት። በመጨረሻ «እጅ ያለው ሰው ነው» ብለው ወሰኑ። እጅ መኖሩን ማን ያረጋግጥ? ይህን ያህል ከባድ ሥልጣን ለበታች አይሰጥም ተባለ። የጆሮ አዛዡ ራሱ እንዲጨብጥ ሆነ።

ወንበር ወጣለት። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ቁጥር ይጠራል፣ እጁ ላይ የሚያርፍ እጅ የለም፣ ይሰረዛል። ዝንብ ቢያርፍም እጅ ስላልሆነ ይሰረዛል። ነገሩ ፈጠነ። በአራተኛው ቀን አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ አምስት ተሰረዘ።

«አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ስድስት!»

እትዬ ዘርፌ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና እጃቸውን እጁ ላይ አኖሩት።

የጆሮ አዛዡ ቀና አላለም። አራት ቀን ሙሉ ባዶ አየር ሲጨብጥ የከረመ ሰው ነው፤ ጸሐፊውም ሊሰርዝ ብዕሩን አዘንብሏል። ከዚያ የአዛዡ ጣቶች ነቃ አሉ። ዝቅ ብሎ አየ። ሊስብ ሞከረ፤ እሳቸው አልለቀቁም።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ የተቀመጥንበት ድረስ ተሰማ።

«ሠርቶ ነው።»

«ይሞቃል» አለ አዛዡ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጸሐፊው «ጌታዬ፣ ምን ብዬ ልመዝግብ?» ብሎ ጠየቀ። የአዛዡን ፊት አያለሁ፤ በሩ ላይ ስላለው ነሐስ ያስብ፣ ስለ መናፈሻው ያስብ አላውቅም። እጁን ግን መካድ አልቻለም፤ በገዛ እጁ ይዞታል።

«ሰው ናቸው ብለህ ጻፍ» አለ። ቀጥሎም «ተቃውሞዎ ምንድን ነው?» አላቸው።

«ቤቴ ባዶ አይደለም። እኔ አለሁበት።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሰው አለበት ተብሎ የተጻፈ ቤት በዚያ አገር ሕግ አይፈርስም። አዛዡ በግራ እጁ ፈረመና ተንፍሶ ቀኙን ከጠረጴዛው ሊያነሳ ሲል እትዬ ዘርፌ መልሰው ተጫኑት።

«የት ሊሄዱ ነው?» አሉት። «ከኋላዬ ሰባት መቶ አሥራ አንድ ሰው አለ። እጅዎን እዚያው ያቆዩ።»